የሙሽራው እናት የተቀመጡበት ማዳበሪያ

ያኔ አንድ ሰው «ሥራህ ምንድን ነው?» ካለኝ ላብ ያጠምቀኝ ነበር። እናቴ ጅማ ላይ ሆና ለጎረቤቱ ሁሉ «ታምራቴ የማዕድን ዶክተር ሊሆን ነው፤ ወርቅ ፍለጋ ጫካ ገብቷል» እያለች ታወራለች። አላረምኳትም። ምን ብዬ ላርማት? «እማዬ፣ ልጅሽ ጉጉት የተፋችውን እየለቀመ ነው» ልበላት?

እውነቱ ግን ይኸው ነበር። ለሁለተኛ ዲግሪዬ የማጠናው ከሸኮ ከተማ ወጣ ብሎ ቡና መሃል ያለ አንድ ዋሻ ነው። የዋሻው ወለል ሲቆፈር፣ ከሥር ያለው አፈር ከዕድሜ ብዛት ድንጋይ በሆኑ የአይጥ ጥርሶችና መንጋጋዎች የተሞላ ነው። እዚያ ያመጣቻቸው ጉጉት ናት። ጉጉት አይጥን ሳታኝክ ትውጣለች፤ ሥጋውን ሆዷ ውስጥ ታስቀርና ጠጉሩንና አጥንቱን አድበልብላ መልሳ ትተፋዋለች። ዛሬም እዚያው ዋሻ ጣሪያ ሥር ጉጉቶች ይኖራሉ። በዛሬው ድብልብል ውስጥ የየትኞቹ አይጦች አጥንት እንዳለ ካወቅሁ፣ የዛሬውን ጫካና ዝናብ ደግሞ በዓይኔ ስለማየው፣ የጥንቶቹን ጥርሶች ከዛሬዎቹ ጋር እያስተያየሁ የያኔው አገር ጫካ ይሁን ሜዳ፣ ዝናባም ይሁን ደረቅ መናገር እችላለሁ። ያለ ድብልብሎቹ ግን የምለካበት ነገር የለኝም።

እንግዲህ ይህን ለሰው ማስረዳት ከበደኝ። ስለዚህ ለሁሉም «የትምህርት ዕቃ ነው» እላለሁ። ሸኮ ላይ ያከራዩኝን እትዬ አስካለንም ያልኳቸው ይህንኑ ነው።

እትዬ አስካለ ባላቸው የሞተባቸው፣ ቡናና ኮረሪማ የሚያለሙ፣ ከሰው ሁሉ ጋር የሚስማሙ ሴት ናቸው። ሸኮ ውስጥ ደግሞ እንደምታውቁት ምንም ነገር አይደርቅም። ያጠብከው ሸሚዝ በሳምንቱ ስትለብሰው ያው እርጥብ ነው። እኔም ከዋሻው የለቀምኳቸው ድብልብሎች ሻገቱብኝ። አንድ ቀን ክፍሌ ውስጥ ጋዜጣ ላይ ዘርግቼ እፍ እፍ ስልባቸው እትዬ አስካለ በር ላይ ቆመው አዩኝ።

«መምህር፣ ምንድን ነው እሱ?» አሉ፤ ተማሪ ብሆንም የሚጠሩኝ መምህር ብለው ነው።

«የትምህርት ዕቃ ነው እትዬ። አልደርቅ አለኝ።»

«እንዲህማ አይደርቅም። ከምድጃው በላይ ከኮረሪማዬ ጋር ስቀለው። ጭሱ ያደርቀዋል።»

ሰቀልኩት። ከምድጃው በላይ ባለው የቀርከሃ መደርደሪያ ላይ የእሳቸው ኮረሪማና የእኔ ድብልብል ጎን ለጎን ለሳምንታት ጭስ ጠጡ። ሁለቱም አውራ ጣት የሚያህሉ፣ ጫፋቸው ሾል ያለ፣ ጠቆር ያሉ፣ ቀላል። ሲደርቁ እኔ የእኔን በአንድ ነጭ ማዳበሪያ ከተትኩ፤ እሳቸውም የእሳቸውን በሌላ ነጭ ማዳበሪያ ከተቱ። ሁለቱም እዚያው ተሰቀሉ። አገሩ ሁሉ ዕቃ የሚይዘው በማዳበሪያ ከረጢት ስለሆነ ልዩነት የሚባል ነገር አልነበራቸውም።

ቴፒ ካለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ አማካሪዬ ደወሉ። ናሙናዎቹን ወደ አዲስ አበባ ቤተ ሙከራ የሚወስድ መኪና በሚቀጥለው ሳምንት ስለሚነሳ አሽጌ እንዳስረክብ አዘዙኝ። ማሸጊያ ካርቶን ልይዝ ቴፒ ሄጄ አደርኩ። በማግስቱ ጠዋት ሸኮ ስመለስ ቤቱ ጭር ብሏል። እትዬ አስካለ ለወንድማቸው ለአቶ ወልዴ ልጅ ለመሠረት ሠርግ ሊያግዙ ሚዛን ተፈሪ ወርደዋል። አውቅ ነበር፤ እኔም ተጠርቻለሁ። ካርቶኔን አስቀምጬ ወደ መደርደሪያው ተንጠራራሁና የቀረውን አንድ ማዳበሪያ አወረድኩ።

ሽታው ገና አፉን ሳልፈታ ነገረኝ። ኮረሪማ። ፈታሁት። ኮረሪማ። እጄን እስከ ክርኔ አስገብቼ ከሥር ፈለግሁ። ከሥርም ኮረሪማ!

ወገኖቼ፣ ሰው ጠጉሩ ቆመ ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር።

ስልኬን አውጥቼ እትዬ አስካለ ጋ ደወልኩ። ጠራ። ደስ አለኝ። የሚጠራው ግን ከጓዳ ነው፤ ስልካቸውን ቻርጅ ላይ ሰክተው ረስተውት ሄደዋል። የእኔን ማዳበሪያ የእሳቸው መስሏቸው ይዘውት ሄደዋል፤ የዓመታት ልፋቴ የሠርግ በርበሬ ውስጥ ሊገባ ነው። ይባስ ብሎ ሰው ሊበላው ነው። የቱ ይብሳል እያልኩ ከራሴ ጋር ስከራከር ኮረሪማውን ተሸክሜ ወደ መናኸሪያ እየሮጥኩ ነበር።

ሚኒባሱ አልሞላ አለ። ረዳቱ «ሚዛን! ሚዛን! አንድ ሰው!» እያለ ይጮሃል፤ አንዱ ሰው ገብቶም «አንድ ሰው!» ይላል። አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ አፍንጫቸውን ወደ ማዳበሪያዬ አስጠጉ።

«ይሄ ኮረሪማ ጥሩ ነው። ትሸጠዋለህ?»

«የሠርግ ነው እናቴ።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሃል? አግባ ብለው አስገድደውህ ነው?»

ማልቀሴን ያወቅሁት እሳቸው ሲነግሩኝ ነው። መንገድ ላይ ጭቃ ያዘን፤ ወርደን ገፋን፤ ዘነበብን። ሚዛን ተፈሪ ስንደርስ ባጃጅ ውስጥ ዘልዬ ገባሁና «የቡና ነጋዴው የአቶ ወልዴ ቤት፣ ሠርግ ያለበት!» አልኩ። ሾፌሩ ወደ ኋላ ዞሮ ከእግሬ እስከ ራሴ ጭቃ መሆኔን አየና «ሙሽራው አንተ እንዳትሆን ብቻ» ብሎ ነዳ።

ግቢው ውስጥ ወንዶቹ ዳስ እየጣሉ ነው። ሴቶቹ ከቤቱ ጀርባ ሽንኩርት ይልጣሉ፣ ነጭ ሽንኩርት ይወቅጣሉ፣ ይሳሳቃሉ። ወደዚያ ስል አቶ ወልዴ ደረቴን ይዘው አቆሙኝ። ደልደል ያሉ፣ ድምፃቸው ወፍራም ሰው ናቸው።

«ወዴት ነው? እዚያ ወንድ አይገባም።»

«ከእትዬ አስካለ ቤት ነው የመጣሁት፤ ተከራያቸው ነኝ። ኮረሪማ ላደርስ ነው።»

«ኮረሪማውንማ እሷ አምጥታለች።»

«ይሄ የተሻለ ነው» አልኩ። በእርግጥም የተሻለ ነበር። አሳለፉኝ።

ገብቼ ዓይኔን ዙሪያውን ጣልኩ። ሙቀጫዎቹን አየሁ፤ ነጭ ሽንኩርት ብቻ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን! ኮረሪማው ገና አልተፈለፈለም። ኮረሪማ መጀመሪያ ቅርፊቱ ተሰብሮ ፍሬው ይወጣል፤ ከዚያ ነው የሚወቀጠው። ስለዚህ ጊዜ አለኝ። ማዳበሪያዬ የት አለ? ግድግዳው ሥር የለም። ምድጃው አጠገብ የለም። ከዚያ አየሁት። ነጠላቸውን ያጣፉ፣ አንገታቸው ቀጥ ያለ አንዲት ወይዘሮ ተቀምጠውበታል።

የሙሽራው እናት ወይዘሮ ዘነበች ናቸው። ቤተሰባቸው ከጎጃም መጥቶ ሚዛን የከረመ፣ ገበያው ዳር ትልቅ የእህል መጋዘን ያላቸው። ልጃቸው መሠረትን ማግባቱ ብዙም እንዳልጣማቸው እትዬ አስካለ ቀደም ብለው ነግረውኛል። ዛሬ የመጡትም ሊያግዙ ሳይሆን ሊታዘቡ ነው። አንድ እንከን ካገኙ ሠርጉን ሊያዘገዩት፣ ምናልባትም ሊያስቀሩት ይችላሉ። እኒህ ሴት ናቸው እንግዲህ ሁለተኛ ዲግሪዬ ላይ የተቀመጡት።

ተጠጋሁና ዝቅ ብዬ «እማማ፣ ወንበር ላምጣልዎት?» አልኳቸው።

«ተመችቶኛል።»

«እሱ ይቆረቁራል።»

«አይቆረቁርም። ለስላሳ ነው።»

ለስላሳ! የአይጥ ጠጉር ነዋ! በእያንዳንዱ መነቃነቃቸው አንድ መንጋጋ ሲሰበር የሰማሁ እየመሰለኝ ጥርሴን ነከስኩ። እትዬ አስካለ ከማዶ አዩኝና እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ መጡ።

«መምህር! ምነው? ቤቱ ተቃጠለ?»

«እትዬ፣ ማዳበሪያው ተለዋውጧል» አልኩ በሹክሹክታ። «ያ የእርስዎ አይደለም፤ የእኔ ነው።»

«ታዲያ ይኸው ነዋ፣ ውሰደው» አሉ ጮክ ብለው። ንጹሕ ሰው ሁልጊዜ ጮክ ብሎ ነው የሚናገረው።

«ምንድን ነው የሚወሰደው?» አሉ ወይዘሮ ዘነበች። ጆሯቸው አያስቀርም። ተነሡና ማዳበሪያውን ቁልቁል ተመለከቱት። «ለልጄ ሠርግ የመጣ ኮረሪማ ወዴት ነው የሚሄደው? ጥሩውን ወስዳችሁ እንክርዳዱን ልታመጡልን ነው? ስፌዱን ስጡኝ፤ እኔው ልይ።»

«እማማ፣ ይተዉት!» አልኩ። ይተዉት ሲባል የሚተው ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ፈትተው አንድ እፍኝ ስፌድ ላይ አፈሰሱ፤ አንዱን አነሡና በሁለት አውራ ጣታቸው ለሁለት ሰበሩት።

ከውስጡ የተጠቀለለ ግራጫ ጠጉር ወጣ። ከጠጉሩ መሃል ደግሞ ጥርሷን ያገጠጠች የጥፍር ያህል የራስ ቅል ዱብ አለች።

ቀጥሎ የመጣውን ጩኸት ሚዛን ሁሉ የሰማው ይመስለኛል።

«መተት!» አሉ ወይዘሮ ዘነበች ስፌዱን ወርውረው። «ጠጉርና አጥንት ተቋጥሮ! ልጄን! ልጄን ሊበሉብኝ!»

«ማን ነው ያመጣው?» አለች አንዷ። ሁሉም ዞረው እትዬ አስካለን አዩ። ለካ ሰው ሲጠረጥር መጀመሪያ ይርቃል፤ አጠገባቸው የነበሩት ሴቶች ሁሉ ባንድ ጊዜ ሸሽተው እሳቸው መሃል ላይ ብቻቸውን ቀሩ። አቶ ወልዴ እየሮጡ መጡ። «አስካለ፣ ምንድን ነው ይሄ?» አሏቸው እህታቸውን። እትዬ አስካለ የተበተነውን ድብልብል አዩ። ከዚያ «እኔ… እኔ አላውቅም፤ ወንድሜ ሙት አላውቅም» ብለው ማልቀስ ጀመሩ። ወይዘሮ ዘነበች ደግሞ ነጠላቸውን እያስተካከሉ «ሠርጉ ቀርቷል! ልጄን ይዤ እሄዳለሁ! ይሄንን አቃጥሉልኝ!» አሉ። አንዲት ጎልማሳ ሴት ማዳበሪያውን ብድግ አድርጋ ወደ ምድጃው አመራች።

እኔስ የት ነበርኩ? እውነቱን ልንገራችሁ፤ የጓሮው በር አጠገብ ነበርኩ። እንዴት እዚያ እንደደረስኩ አላውቅም፤ እግሬ ወስዶኝ ነው። አንዱ እግሬ ውጭ ነው። ማንም አላስተዋለኝም። ሁለት እርምጃ ብራመድ መንገድ ላይ ነኝ።

«የጉጉት ነው!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የእኔው ድምፅ ነበር። «እትዬ አስካለ ምንም አያውቁም! የእኔ ነው! ጉጉት የተፋችው ነው!»

መተት ባሉበት ቤት ጉጉት ብሎ መጨመር እሳት ላይ ጋዝ ማርከፍከፍ መሆኑን ያወቅሁት ከተናገርኩ በኋላ ነው። ሴቶቹ ባንድነት አማተቡ።

«ጉጉት?» አሉ ወይዘሮ ዘነበች። «በሠርግ ቤት ጉጉት?»

«ጉጉቷ የለችም። የበላችው ነው ያለው። ማለቴ… የበላችውን የተፋችው…»

«አንተ ደግሞ ይሄን ምን ልታደርግ ትለቅማለህ? ጠንቋይ ነህ?»

«ተማሪ ነኝ።»

ይህ መልስ ማንንም አላረጋጋም። አቶ ወልዴ ኮሌታዬን ጨብጠዋል። ማዳበሪያዋን የያዘችው ሴት ምድጃው ጋ ቆማ ትእዛዝ ትጠብቃለች። በዚህ መሃል ከቤት ውስጥ ሙሽሪት መሠረት ወጣች። ጠጉሯ ግማሹ ተሠርቶ ግማሹ ተንጨፍሮ፣ ዓይኗ በርበሬ መስሏል። አክስቷን አየቻቸው፤ አማቷን አየቻቸው፤ ከዚያ መሬት ላይ ቁጢጥ ብላ ከተበተነው አንዱን ድብልብል አነሣች።

«መሢ፣ ተይው!» አሉ እናቷም አክስቷም አባቷም በየተራ።

«መተት ከሆነ እኔን ይያዘኝ» አለች። ወደ እኔ ዞራ «እንዴት ነው የሚፈታው? አሳየኝ» አለችኝ።

በሳህን ውኃ አስመጣሁ። ድብልብሉን ነከርኩት። በጠጉር መሥሪያ ወስፌ ቀስ እያልኩ ጠጉሩን ፈታሁ። አንድ መንጋጋ ወጣ፣ ሌላ መንጋጋ ወጣ፣ ሦስተኛም አራተኛም ወጣ፣ የእግር አጥንት ወጣ። በድስት ክዳን ላይ ደረደርኳቸው። የራቁት ሴቶች አንድ በአንድ ተጠጉ። ፍርሃት እንኳ ቢሆን ማየትን አያሸንፍም።

«ይኸውላችሁ» አልኩ፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራዬን በአማርኛ እያስረዳሁ። «ይሄኛው ጥርሱ ጉብ ጉብ ያለ ነው፤ ፍሬ የሚበላ የጫካ አይጥ ነው። ሣር የሚበላው አይጥ ግን ጥርሱ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ጠፍጣፋና የተሸነሸነ ነው፤ ሣር ይፈጫላ። ዛሬ ከዋሻው የማገኘው ባብዛኛው ይሄ የጫካው ነው፤ ጫካ ስላለን። ከሥር የተቆፈረው የጥንቱ ግን ባብዛኛው የሣሩ ነው። ስለዚህ ያኔ ሸኮ ጫካ አልነበረም፤ ደረቅ የሣር ሜዳ ነበር።»

አቶ ወልዴ ኮሌታዬን ለቀቁ። «ቆይ ቆይ» አሉ። «ቡናውስ?»

«እዚያ ቦታ የነበረ አይመስለኝም።»

«ቡና ያልነበረበት ሸኮ?» ከመተቱ ይልቅ ይሄኛው አስደነገጣቸው። «ታዲያ ሰዉ ጠዋት ጠዋት ምን ያደርግ ነበር?»

ወይዘሮ ዘነበች ግን ገና አልተሸነፉም። ከሁሉም ኋላ ቆመው አንገታቸውን አስግገው ክዳኑን ያያሉ። በስተመጨረሻ ሴቶቹን በክርናቸው ገፋ ገፋ አድርገው ቀረቡ።

«መንጋጋው አራት ነው» አሉ። «አራት መንጋጋ ያለው አይጥ አለ?»

«የሁለት አይጥ ነው እማማ። አንዳንዱ ድብልብል ውስጥ የሦስትም ይገኛል።»

«ሦስት አይጥ? በአንድ ሌሊት?»

«አንዳንዴም ከዚያ በላይ።»

ፊታቸው ላይ ያየሁት ነገር ፍርሃት አልነበረም፤ ሒሳብ ነበር። «የእኔ መጋዘን ውስጥ» አሉ ቀስ ብለው «አይጥ በቆሎዬን ጨርሶታል። ድመቶቹ ጆንያው ላይ ተኝተው ያዩታል እንጂ አንዱን አልያዙልኝም። መርዝ ባደርግ ለምዶት ወፈረ።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሌላው ሁሉ እየሰማ፣ ጠየቁኝ። «ጉጉት እንዴት ነው ወደ ቤት የምትመጣው?»

«ጣሪያው ሥር ክፍት ቦታ ካገኘች ራሷ ትመጣ ይሆናል።»

«ይህን ያህል አይጥ የምትፈጅ ፍጡር» አሉ ወደ ሴቶቹ ዞረው፣ ሌሎቹ ይመስል ሲሰድቧት የነበሩት «እንዴት ብሎ ክፉ ገድ ይባልላታል? አንቺ፣ ማዳበሪያውን ከእሳቱ አርቂ! ምን አስቆመሽ?»

ማዳበሪያው ከእሳቱ ራቀ። ወይዘሮ ዘነበች ሄደው እትዬ አስካለ አጠገብ ቁጭ አሉ። ይቅርታ አላሉም፤ እሳቸው እንዲያ ዓይነት ሰው አይደሉም። ሙቀጫውን ወደ ራሳቸው ስበው «በይ አስካለ፣ ያንን ትክክለኛውን ኮረሪማ አምጪው፤ አብረን እንፈልፍል» አሉ። እትዬ አስካለ በለቅሶና በሳቅ መሃል ሆነው አዩኝ። ያመጣሁትን ኮረሪማ አቀበልኳቸው። ወይዘሮ ዘነበች ከእኔ ማዳበሪያ አንድ እፍኝ ዘግነው መቀነታቸው ውስጥ ቋጠሩ። መጋዘናቸው ውስጥ ሰቅለው አይጦቹን ሊያስፈራሩበት ነው። እንደማይሠራ ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ነበር፤ መሠረት በክርኗ ጎሸመችኝ። ተውኩት።

ሠርጉ ተሠረገ። ድብልብሎቹም፣ ከእፍኟ በቀር፣ በሰዓታቸው መኪናው ላይ ተጫኑ።

እንግዲህ እናንተ ይህን የምታነቡ፣ «ታዲያ ይሄ ምኑ ሕይወት ይለውጣል?» ትሉኝ ይሆናል። እኔን ለውጦኛል። ከዚያ ቀን በፊት ሥራዬ ለሰው የማይነገር ይመስለኝ ነበር። ሰዉ አይገባውም እያልኩ የምኮራ መስሎኝ ነበር፤ ለካ አፍሬ ነው። ከሠርጉ በኋላ እናቴ ጋ ደውዬ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። «እና ወርቅ የሚባል ነገር የለም?» አለች። የለም አልኳት። «ይሁና» አለች፤ በማግስቱ ለጎረቤቶቿ ልጄ የአይጥ ዶክተር ሊሆን ነው ብላ አወጀች። እናንተም ለቤተሰባችሁ መናገር የከበዳችሁ ሥራ ካለ ዛሬውኑ ንገሩ። እኔ በራቁት ሴቶች ፊት… ይቅርታ፣ ከእኔ በራቁት ሴቶች ፊት ተንቀጥቅጬ ከተናገርኩ እናንተ አያቅታችሁም።

ከሠርጉ ማግስት ከእትዬ አስካለ ጋር በአንድ ሚኒባስ ወደ ሸኮ ተመለስን። ስልካቸውን ሦስት ቀን ሙሉ ስላጡት ወሬ ተጠምተው ነበር፤ እስከ መንገዱ አጋማሽ ድረስ አውርተው አውርተው ድንገት ወሬውን አቋርጠው ወደ እኔ ዞሩ።

«መምህር» አሉኝ። «ያን ዕለት አንድ እግርህ ከአጥሩ ውጭ ነበር። እያለቀስኩ አይቼሃለሁ።»

የምገባበት አጣሁ።

«የተመለስከው ለእኔ ነው ወይስ ለማዳበሪያህ?»

«ለእርስዎ ነው እንጂ እትዬ!»

«ውሸታም!» ብለው ሚኒባሱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዞሮ እስኪያየን ሳቁ። ሳቃቸው ሲበርድ እጃቸውን እጄ ላይ አደረጉ። «ግድ የለም። ማዳበሪያህን ብቻ ቢሆን የፈለግኸው ነጥቀህ መሮጥ ትችል ነበር። ቆመህ የእኔ ነው ያልከው ግን ለእኔ ነው።»

መስኮቱን ከፍቼ እስክንደርስ ድረስ ጫካውን ሳይ ቆየሁ።